ሕዋስን በገዛ ዓይን ማየት፦ ከሐዋሳ ገበያና ሐይቅ በሚገኝ ነገር

የሕዋስን ሥዕል ያልሳለ ተማሪ የለም። አንድ ክብ፣ መሃሉ ላይ ነጥብ፣ ዙሪያውን ቀስትና ስም። ፈተና ላይ ይመጣል፣ ነጥብ ያስገኛል፣ በሳምንቱ ይረሳል። ከሣዮቹ መካከል እውነተኛ ሕዋስ ያየው ግን ጥቂት ነው። ማይክሮስኮፑ አለ፤ ግን «ይሰበራል» ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ይህ መመሪያ አንድ ማይክሮስኮፕ እጁ ለገባለት ሰው ነው። መምህር፣ የሳይንስ ክበብ አስተባባሪ ወይም ልጁን ማገዝ የሚፈልግ ወላጅ ሊሆን ይችላል። ቀሪው ዕቃ ሐዋሳ ውስጥ ከፋርማሲ፣ ከጉልትና ከሐይቁ ዳር ይሟላል። እኔ እንደማስበው የሕዋስ ዓይነቶችን ዝርዝር መሸምደድ አያስፈልግም። ተገቢዎቹን ነገሮች በቅደም ተከተል ካያችሁ ዝርዝሩ ራሱ ይመጣል። ከትልቁና ከማይንቀሳቀሰው ጀምረን ወደ ሯጩና ወደ ትንሹ እንሄዳለን። በባክቴሪያ የጀመረ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ደብዛዛ ነጥብ ሲያይ ቆይቶ ተስፋ ቆርጦ ይነሳል።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ማይክሮስኮፑ ተራ የትምህርት ቤት ይሁን። የዓይን ሌንሱ 10 እጥፍ፣ የታችኞቹ 4፣ 10 እና 40 እጥፍ ከሆኑ ይበቃል። 100 እጥፍ ካለው እሰየው፤ የሚያስፈልገው ግን መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። በመስታወት ብርሃን የሚሠራውን አሮጌ ዓይነት አትናቁት። መብራት ሲጠፋ ሥራ የማያቆመው እሱ ነው።

ከፋርማሲ አዮዲን፣ ቁስል ላይ የምናውቀውን ሐምራዊ ጂቪ፣ ኖርማል ሳላይን (ለሐኪም ቤት የሚዘጋጅ የጨው ውኃ)፣ አልኮልና ጓንት ግዙ። ከሱቅ ደግሞ ምላጭ፣ ስቴኪኒ፣ ሶፍት፣ ጨው፣ በረኪና፣ ስኮች፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለምና ደረቅ የዳቦ እርሾ። ወረንጦ ካለ ሥራ ያቀላል። ስላይድ (የሚታየው ነገር የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ መስታወት) እና ከቨር ስሊፕ (ከላይ የሚከደንበት ስስ መስታወት) የላብራቶሪ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ይገኛል። ከቨር ስሊፕ ከጠፋ ከማሸጊያ ላይ የተቆረጠ ንጹሕ፣ ጠንከር ያለ ፕላስቲክ ለ4 እና ለ10 እጥፍ ሌንስ ያገለግላል።

ስለ ጂቪ አንድ ማሳሰቢያ። ልብስ ላይ ከፈሰሰ በቀላሉ አይለቅም፣ ጣት ላይም ለቀናት ይቆያል። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፉ፣ ጓንት አድርጉ። ፋርማሲ የሚሸጠው ለእኛ ሥራ ይወፍራል። አንድ ጠብታውን በ20 ጠብታ ውኃ አቅጥናችሁ በትንሽ ጠርሙስ አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ «ቀጭን ጂቪ» የምለው እሱን ነው።

መጀመሪያ ማይክሮስኮፑን መግራት

ሁልጊዜ በ4 እጥፉ ጀምሩ። የሚታየው ሰፊ ስለሆነ የምትፈልጉትን ቶሎ ታገኙታላችሁ። ካገኛችሁት በኋላ መሃል አምጡት፣ ከዚያ ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 40 አዙሩ። ጠቅላላ ማጉላቱ የሁለቱ ሌንሶች ብዜት ነው፦ 10 በ4 ሲባዛ 40 እጥፍ፣ 10 በ40 ሲባዛ 400 እጥፍ። ስላይዱን ወደ ቀኝ ስትገፉ ምስሉ ወደ ግራ ይሄዳል። ማይክሮስኮፑ አልተበላሸም፣ ምስሉን ገልብጦ ስለሚያሳይ ነው።

በ40 ሌንስ ላይ ትልቁን ማስተካከያ ፈጽሞ አትንኩ። ሌንሱ ከስላይዱ ጋር ሊነካካ ትንሽ ነው የሚቀረው። ትንሹን ብቻ በቀስታ አዙሩ። ስላይድ የሚሰበረውም፣ ሌንስ የሚጫረውም እዚህ ላይ ነው። መስታወት ያለውን ዓይነት የምትጠቀሙ ከሆነ ወደ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሩት እንጂ ወደ ፀሐይ በጭራሽ። የተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ዓይን ያጠፋል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ብርሃን መቀነስ ነው። ስላይድ ከሚቀመጥበት የማይክሮስኮፑ ጠረጴዛ ሥር ዳያፍራም የሚባል የብርሃን መቆጣጠሪያ አለ። ሕዋስ አብዛኛው ውኃ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ብርሃኑን ስታበዙት ይጠፋል፣ ስትቀንሱት ጠርዙ ብቅ ይላል። «ምንም አይታየኝም» የሚል ልጅ ካለ መጀመሪያ ዳያፍራሙን ጠበብ አድርጉለት። አስር ጊዜ ማብራራት አያስፈልግም።

አሁን አንድ ፕላስቲክ ማስመሪያ በ4 እጥፉ ሌንስ ሥር አስቀምጡና በክቡ ውስጥ ስንት ሚሊሜትር እንደሚታይ ቁጠሩ። 4.5 ሚሊሜትር ሆነ እንበል። በ10 እጥፉ 1.8፣ በ40 እጥፉ ደግሞ 0.45 ሚሊሜትር ይሆናል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ማይክሮስኮፑ ላይ ለጥፉት። ከዚህ በኋላ የማንኛውንም ሕዋስ መጠን መገመት ትችላላችሁ። አንድ ሚሊሜትር 1,000 ማይክሮሜትር መሆኑን አትርሱ።

አንደኛ፦ ሽንኩርት

ቀይ ሽንኩርት ለመጀመሪያ ቀን ከሁሉም ይሻላል። ሕዋሱ ትልቅ ነው፣ በአንድ ረድፍ ተነጥፎ ይገኛል፣ ከየትኛውም ጉልት ይገዛል።

1. ሽንኩርቱን በአራት ቁረጡና አንዱን ወፍራም ልጣጭ ለዩ።
2. በውስጠኛው፣ ጎድጎድ ባለው በኩል ስስ ብርሃን አሳላፊ ቆዳ አለ። በወረንጦ ወይም በጥፍር ጫፉን ይዛችሁ ላጡት። የጣት ጥፍር የሚያህል ይበቃል።
3. ስላይድ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ አድርጉ፣ ቆዳውን ሳይታጠፍ ዘርጉበት።
4. ከቨር ስሊፑን በአንድ ጠርዙ አስደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ ጣሉት። ከላይ ዝም ብሎ የተጣለ ከሆነ አየር ይይዛል። ድንብልብል፣ ጠርዙ ወፍራም ጥቁር የሆነ ነገር ካያችሁ እሱ ሕዋስ ሳይሆን የአየር አረፋ ነው። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚስለው አረፋ ነው።
5. በ4፣ ከዚያ በ10 እዩ። ረዘም ረዘም ያሉ አራት ማዕዘኖች ተጠጋግተው ተደርድረዋል።
6. በከቨር ስሊፑ አንድ ጠርዝ አንድ ጠብታ አዮዲን ጨምሩ፣ በሌላው ጠርዝ ሶፍት አስነኩ። ሶፍቱ ውኃውን ሲመጥ አዮዲኑ ከሥር ይገባል።

በየሕዋሱ ውስጥ አንድ ቢጫ ወይም ቡናማ ክብ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ኒውክለስ እሱ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1831 ያወጣለት ሮበርት ብራውን የተባለ የስኮትላንድ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ እሱም ያየው በተክል ሕዋስ ውስጥ ነበር። የሕዋሱ ዲኤንኤ አብዛኛው የተቀመጠው እዚያ ነው።

አሁን ልጆቹን ጠይቁ። መጽሐፍ ላይ ኒውክለስ መሃል ነው፣ እዚህ ለምን ጠርዝ ላይ ተለጠፈ? መልሱ የማይታይ ነገር ነው። የሕዋሱን ሰፊ ክፍል የያዘው ቫኪዮል የሚባል የፈሳሽ ከረጢት ነው፣ ሌላውን ሁሉ ወደ ዳር ይገፋዋል። ሁለተኛ ጥያቄ፦ ሽንኩርት ተክል ነው፣ ታዲያ አረንጓዴው የታለ? የምንበላው ክፍል ከመሬት ሥር የሚቀመጥ ጓዳ ስለሆነ ክሎሮፕላስት የሚባሉትን አረንጓዴ ቅንጣቶች አይሠራም። የተክል ሕዋስ ሁሉ አረንጓዴ ነው ብሎ የሸመደደ ልጅ እዚህ ላይ ይደናገጣል። ጥሩ ነው፣ ይደናገጥ።

ሕዋሱን ለኩ። በ10 እጥፉ ሌንስ ክቡ 1.8 ሚሊሜትር ከሆነና ከዳር እስከ ዳር 6 ሕዋሳት ከተደረደሩ፣ አንዱ ወደ 0.3 ሚሊሜትር ወይም 300 ማይክሮሜትር ነው። ለሕዋስ ይህ ግዙፍ ነው።

ጊዜ ካላችሁ የድንች ቁራጭ ፊቱን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ በአዮዲን እዩት። ድንች ስታርች ስለሚያከማች እንክብሎቹ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናሉ። ሽንኩርት ምግቡን በስታርች መልክ ስለማያስቀምጥ አልጠቆረም። ያልበሰለ ሙዝም ልክ እንደ ድንቹ ይጠቁራል።

ሁለተኛ፦ ያንኑ ሽንኩርት በጨው

ከመመሪያው ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው። ለመሥራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ የሕዋስ ሽፋን የሚባለውን ግን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

አሁን የምትልጡት ስሱን የውስጥ ቆዳ አይደለም። በውጭ፣ በጎበጠው በኩል ያለውን ሐምራዊ ቆዳ ነው። ቀለሙ የደመቀ ሽንኩርት ምረጡ። ከመልካሳ የግብርና ምርምር የወጣው አዳማ ሬድ የሚባለው ዝርያ ለዚህ ይመቻል፤ አዳሜ ለወጥ ብቻ የተፈጠረ ይመስለዋል። ሐምራዊው ቀለም ያለው ቫኪዮሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንዳች ማቅለሚያ ሳትጨምሩ የማይታየው ከረጢት ይታያችኋል።

በውኃ አዘጋጁትና በ10 እዩት። ቀለሙ ሕዋሱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። አሁን በአንድ የሻይ ብርጭቆ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። በአንዱ ጠርዝ ጨምሩ፣ በሌላው በሶፍት ምጠጡ። ዓይናችሁን አትንቀሉ። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሐምራዊው እየተኮማተረ ከግድግዳው ይላቀቃል። ግድግዳው ቅርጹን እንደያዘ ይቀራል፣ ውስጡ ግን ሸሽቶ መሃል ይሰበሰባል።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተለይተው ታዩ። አንዱ የሕዋስ ግድግዳ ነው፤ ከሴሉሎስ የተሠራ፣ ጠንካራ፣ ጨውም ውኃም የሚያሳልፍ። ሌላው ከሥሩ የነበረው ስስ የሕዋስ ሽፋን ነው፤ ውኃ ያስወጣል፣ ቀለሙን ግን አያስወጣም፣ ጨውንም በቀላሉ አያስገባም። ውኃው ጨው ወደበዛበት ስለሄደ ሕዋሱ ኮሰመነ። ሥጋ ጨው ተነስንሶበት ቋንጣ ሲሆን የማይበላሽበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ላዩ ላይ ያረፈ ባክቴሪያም ውኃው ይመጠጥበታል።

ከዚያ ንጹሕ ውኃ መልሳችሁ አስገቡ። ብዙዎቹ ሕዋሳት ተመልሰው ይሞላሉ። ያልተመለሰ ካለ ሽፋኑ ተቀዶ ሞቷል ማለት ነው።

ሕዋስን መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1665 ያሳተመው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። ያየው ግን የቡሽ ሕዋስ ነበር፣ ቡሽ ደግሞ የሞተ ነው። ባዶ ግድግዳ ብቻ ነበር የታየው። አሁን እናንተ በሽንኩርትና በጨው ያያችሁትን እሱ በቡሹ ላይ ሊያየው አይችልም ነበር።

ሦስተኛ፦ የገዛ ጉንጭ

አፋችሁን በውኃ ተጉመጥመጡ። ንጹሕ ስቴኪኒ በጎኑ ይዛችሁ የጉንጫችሁን ውስጠኛ ክፍል ቀስ ብላችሁ ፋቁ። ደም እስኪወጣ አይደለም፣ ዝም ብሎ ማሻሸት ይበቃል። ስላይድ ላይ ቀቡት፣ አንድ ጠብታ ቀጭን ጂቪ አክሉ፣ ከቨር ስሊፕ አድርጉ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ሁሉም የራሱን ስቴኪኒና የራሱን ስላይድ ይያዝ። ያገለገለው ወዲያው በረኪና ያለበት ጣሳ ውስጥ ይግባ።

በ10 ሌንስ የተበታተኑ ፈዛዛ ነገሮችን ፈልጉ፣ ከዚያ ወደ 40 ሂዱ። ቅርጻቸው ወጥ አይደለም፣ ጠፍጣፋ ናቸው፣ አንዳንዱ ጠርዙ እንደ እንጀራ ይታጠፋል። ኒውክለሱ መሃል አካባቢ ጠቆር ብሎ ይታያል። ስፋታቸው ወደ 60 ማይክሮሜትር ነው፤ ከሽንኩርቱ ጋር አወዳድሩ።

ግድግዳ የለም፣ ትልቅ ቫኪዮል የለም፣ አረንጓዴ የለም። ግን ኒውክለስ አለ፣ ሽፋን አለ፣ መሃሉን የሞላው ሳይቶፕላዝም አለ። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ማትያስ ሽላይደን እ.ኤ.አ. በ1838 ተክል ሁሉ ከሕዋስ የተሠራ ነው አለ፣ የሀገሩ ልጅ ቴዎዶር ሽቫን በ1839 እንስሳትም እንዲሁ ናቸው ብሎ አስፋፋው። ሁለቱን ስላይዶች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ሰዎቹ ምን እንዳሉ ግልጽ ይሆናል።

በ40 ሌንስ ላይ በጉንጭ ሕዋሱ ላይ የተለጠፉ ደቃቅ ሐምራዊ ነጥቦች ካያችሁ ጂቪው ቆሽሾ አይደለም። አብዛኞቹ የአፍ ባክቴሪያዎች ናቸው። ለጊዜው ተዉዋቸው፣ እንመለስባቸዋለን።

አራተኛ፦ ከአሞራ ገደል የዓሣ ደም

በትምህርት ቤት የሰው ጣት ወግቶ ደም ማውጣት አልደግፍም። ሄፓታይተስና ኤችአይቪ በደም ይተላለፋሉ፣ ለአንድ ስላይድ ሲባል የሚያስኬድ አይደለም። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ከዚያ የበለጠ አማራጭ አለ። በጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ውረዱ፣ ዓሣ ሲበለት ከአንድ ትኩስ ቆሮሶ ጉንጭ ሥር ካለው ቀይ ስንጥቅ ጥቂት ደም ለምኑ። ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ኖርማል ሳላይን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ጨምሩበትና አወዛውዙት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጠርሙሱን አይፈልጉትም፣ ዓሣውን ግን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ።

አንድ ጠብታ ስላይድ ጫፍ ላይ አኑሩ። የሌላ ስላይድ ጠርዝ አስደግፋችሁ በአንድ ጉተታ ወደፊት ግፉት፣ ስስ ቅብ ይሆናል። አየር ላይ ይድረቅ። አልኮል ጠብ አድርጋችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ተዉት፣ ደርቆ ሲያበቃ በቀጭን ጂቪ ለአንድ ደቂቃ ሸፍኑት፣ በውኃ ቀስ ብላችሁ እጠቡት።

በ40 ሌንስ ሞላላ ሕዋሳት ታያላችሁ፣ በየአንዳንዱ መሃል ጥቁር ሐምራዊ ኒውክለስ አለ። አሁን ትምህርት ቤቱ ያለውን ተዘጋጅቶ የተገዛ የሰው ደም ስላይድ አስገቡ። ክብ ናቸው፣ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ይሰፋሉ፣ መሃላቸው ፈዛዛ ነው። ኒውክለስ የላቸውም! የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ሲበስል ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል፣ ቦታውን ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ይይዘዋል። ኒውክለስ ስለሌለው ራሱን መጠገን አይችልም፣ 120 ቀን ገደማ ኖሮ ይተካል። በቁጥር ከሄድን ከሰውነታችን ሕዋሳት አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። ስለዚህ «የእንስሳ ሕዋስ ሁሉ ኒውክለስ አለው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በራሳችን ደም ይፈርሳል።

በዚያው አንድ ተጨማሪ ሥራ። ካልደረቀው የዓሣ ደም አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርጉና ንጹሕ ውኃ ከሥሩ አስገቡ። ሕዋሳቱ ያብጡና እየፈነዱ ይጠፋሉ። ሽንኩርቱ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ምንም አልሆነም ነበር፣ ምክንያቱም ግድግዳው ይይዘዋል። ደም ግድግዳ የለውም። ሐኪም ቤት ሰው ላይ የሚንጠለጠለው 0.9 በመቶ ጨው ያለው ፈሳሽ እንጂ ንጹሕ ውኃ ያልሆነው ለዚህ ነው።

አምስተኛ፦ አረንጓዴው

ይህ ፈጣን ነው። በእርጥብ ግድግዳ ወይም ድንጋይ ላይ ለስላሳ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ የሚበቅለውን ሞስ ፈልጉ። አንድ ደቃቅ ቅጠሉን ነቅላችሁ በውኃ አስቀምጡት። የአብዛኛው ሞስ ቅጠል የአንድ ሕዋስ ያህል ብቻ ስለሚወፍር መቁረጥ አያስፈልግም። በ40 ሌንስ ክብ ክብ አረንጓዴ ቅንጣቶች ሕዋሱን ሞልተውት ታያላችሁ። ክሎሮፕላስት ናቸው፤ በብርሃን ጉልበት ስኳር የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

ለቅጠል ቀዳዳዎች ደግሞ የጎመን ቅጠል ጀርባ ላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀቡ። ሲደርቅ በስኮች አንሱትና ስላይድ ላይ ለጥፉት። ጎበጥ ያሉ ሁለት ሁለት ሕዋሳት አንድ ቀዳዳ ከበው ይታያሉ። የበቆሎ ቅጠል ላይ ብትሠሩት ቀዳዳዎቹ በቀጥታ ረድፍ ይሰለፋሉ።

ስድስተኛ፦ የሐይቁ ውኃ

እዚህ ጋ ልጆች ማይክሮስኮፑን አንለቅም ይላሉ፣ ተራ አስይዙ።

መጀመሪያ ጥንቃቄ። የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቢልሃርዚያ ይተላለፍበታል፣ ትሉም በቆዳ ነው የሚገባው። ውኃው ውስጥ አትግቡ፣ እጃችሁንም አትንከሩ። የተቆረጠ ሃይላንድ ረጅም እንጨት ላይ እሰሩና ከዳር ሆናችሁ ቅዱ። ጓንት አድርጉ። ጉማሬ መኖሩንም አትርሱ፣ ማለዳና አመሻሽ ላይ ሳርና ደንገል መሃል አትግቡ። ንጹሑን ውኃ ሳይሆን ሳር ሥር ያለውን፣ ድንጋይ ላይ የተለጠፈውን አረንጓዴ ነገር ይዛችሁ ኑ።

ከዚህ ውኃ ግማሹን ዛሬውኑ እዩት። ግማሹን ጥቂት ድርቆሽ (ደረቅ ሣር) ጨምራችሁ፣ ሳትከድኑ፣ ፀሐይ በማይመታው መስኮት ዳር ለአንድ ሳምንት አስቀምጡ። ድርቆሹን የሚያበሰብሱ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፣ እነሱን የሚበሉት ደግሞ ተከትለው ይበዛሉ። ጠብታውን ከላይኛው ገጽ አጠገብ ውሰዱ። በጣም ስለሚሮጡ ሁለት ሦስት የጥጥ ክሮች ጠብታው ውስጥ አድርጉ፣ መንገድ ይዘጋባቸዋል።

ሞላላ ሆኖ እየተሽከረከረ የሚዋኘው ፓራሚሲየም ነው። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ይሆናል። ብርሃኑን ስትቀንሱ ዙሪያውን የከበቡት ደቃቅ ፀጉሮች ሲርገበገቡ ይታያሉ። ይበላል፣ ይዋኛል፣ ይራባል፣ ግን አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። ከዳርና ከዳሩ እየሞላ ባዶ የሚሆን ግልጽ ክብ ነገር ፈልጉ። የሚገባበትን ትርፍ ውኃ የሚተፋበት ነው። እንደ ዓሣው ደም የማይፈነዳው በዚህ ነው፤ ግድግዳ የለውም፣ ግን ፓምፕ አለው።

ብርጭቆ የሚመስል ጠንካራ ሽፋን ያላቸው፣ ወርቃማ ቡናማ ቅርጾች ዳያቶም ናቸው፤ ግድግዳቸው ከሲሊካ ነው። እግርና አፍ ያለው፣ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ትልቅ ነገር ካያችሁ ግን አንድ ሕዋስ አይደለም። ባለ ብዙ ሕዋስ ትንሽ እንስሳ ነው፣ አታምታቱት።

አሁን ዋናው ወጥመድ። ሐይቁ ላይ አንዳንዴ ከሚንሳፈፈው አረንጓዴ ነገር ውስጥ ደቃቅ ነጥቦች ተሰብስበው የሠሩት ደመና ይገኛል። ማይክሮሲስቲስ ይባላል። አረንጓዴ ነው፣ በብርሃን ምግቡን ይሠራል፣ ግን ተክል አይደለም፤ ሳይኖባክቴሪያ የሚባል የባክቴሪያ ወገን ነው። ኒውክለስ የለውም፣ ክሎሮፕላስትም የለውም፣ አረንጓዴው በራሱ ሕዋስ ውስጥ የተነጠፈ ነው። አንዳንዱ መርዝ ስለሚያመነጭ በጓንት ብቻ ያዙት። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅና ሻላ አጠገብ ያለውን ጭቱ ሐይቅ የሚያቀልመው ስፓይሩሊና የዚሁ ወገን ዘመድ ነው። ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባል፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ እዚያው ይቀራል፣ እነዚህን ይመግባል።

የሐይቅ ውኃ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ሕያዋንን አጉልቶ ያየው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የኔዘርላንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1674 በራሱ በሞረደው አንዲት ሌንስ ነው ያየው። የናንተ ማይክሮስኮፕ አሮጌ ነው ብላችሁ ስታማርሩ እሱን አስቡት።

ሰባተኛ፦ እርሾና እርጎ

እርሾው ይቅደም። አንድ ቁንጥር ደረቅ የዳቦ እርሾ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ከትንሽ ስኳር ጋር አድርጉና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አረፋ ሲያወጣ አንድ ጠብታ ወስዳችሁ በብዙ ውኃ አቅጥኑት። በ40 ሌንስ ሞላላ ደቃቅ ሕዋሳት ይታያሉ፤ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ናቸው። ትንሽ እብጠት ከጎኑ ያወጣ ፈልጉ፤ እየወለደ ነው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርሖ እ.ኤ.አ. በ1855 ሕዋስ ሁሉ ከሌላ ሕዋስ ይወጣል ያለውን እዚህ ማየት ይቻላል። እርሾ ፈንገስ ነው፦ ኒውክለስ አለው፣ ግድግዳ አለው፣ አረንጓዴ ግን የለውም። ከእንጀራ ሊጥ ላይ የተቀዳውን እርሾ ብታዩት ደግሞ ከነዚህ ጋር የተቀላቀሉ በጣም ደቃቅ ዘንጎች ይገኛሉ፣ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ቤት ውስጥ የረጋ እርጎ ባክቴሪያውን ለብቻው ለማየት ያመቻል። ስቴኪኒ ጫፍ የሚይዘውን ያህል በአንድ ጠብታ ውኃ በጥብጡ፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ አድርቁት። ስላይዱን ሻማ ላይ ሦስት ጊዜ በፍጥነት አሳልፉት፤ መጥበስ አይደለም፣ ማጣበቅ ነው። በቀጭን ጂቪ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ውኃ። በ40 ሌንስ ነጥቦችና ደቃቅ ዘንጎች፣ አንዳንዴ በሰንሰለት ተያይዘው ይታያሉ። ርዝመታቸው ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ነው። 100 ሌንስ ካላችሁ ይጠራል፣ ግን ለሱ የተሠራ ዘይት ያስፈልጋል። የምግብ ዘይት አታድርጉበት፣ ሌንሱን ያጨማልቃል።

ኒውክለሱን አትፈልጉ፣ የለም። ዲኤንኤው በሽፋን ሳይታጠር ውስጡ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የሕዋስ ትልቁ ክፍፍል ይህ ነው፤ በአንድ በኩል ፕሮካርዮት የሚባሉት ባክቴሪያና አርኪያ (ባክቴሪያ የሚመስሉ ግን የተለዩ ደቃቅ ሕያዋን)፣ በሌላ በኩል ዩካርዮት የሚባሉት ሌሎቹ በሙሉ፦ ሽንኩርቱም፣ ጉንጩም፣ ዓሣውም፣ ፓራሚሲየሙም፣ እርሾውም። ተክልና እንስሳ በጣም የሚለያዩ ይመስለናል። ከእርጎው ጋር ሲተያዩ ግን የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።

የማታዩት

ማይቶኮንድሪያ የታለ፣ ራይቦዞም የታለ ብሎ መጽሐፍ ላይ ያያቸውን የሕዋስ ደቃቅ ክፍሎች የሚጠይቅ ልጅ ይኖራል። በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ከ0.2 ማይክሮሜትር በታች የተቀራረቡ ሁለት ነገሮችን መለየት አይችልም። ራይቦዞም ከዚያ በጣም ያንሳል። ማይቶኮንድሪያ በመጠኑ ባክቴሪያን ያህላል፣ ግን ለዚህ ተብሎ በሚዘጋጅ ቀለም ካልሆነ አይለይም። መጽሐፍ ላይ ያለው ዝርዝር ሥዕል የተገኘው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው። አለዚያ ያላዩትን አየን ብለው ይስላሉ።

መፈተሻ

ሲጨርሱ ስላይዶቹን ስማቸውን በወረቀት ሸፍናችሁ አደባልቁ። ልጆቹ ይለዩ። መጀመሪያ ኒውክለስ ይፈልጉ። ካለ፣ ግድግዳ አለው ወይ? ግድግዳ ካለ፣ አረንጓዴ ቅንጣት አለው ወይ? ኒውክለስ ከሌለ ደግሞ መጠኑን ይለኩ፤ አንድ ሁለት ማይክሮሜትር ከሆነ ባክቴሪያ ነው፣ 7 ከሆነና ክብ ከሆነ የሰው ደም ነው። ሽንኩርቱን አረንጓዴ ስለሌለው ፈንገስ ያለ ልጅ ካለ ነጥብ አትቀንሱበት። በያዘው መረጃ ትክክል አስቧል። መጠኑንና አደራደሩን እንዲያይ መልሱት።

ማጽዳት

የጉንጭ፣ የደም፣ የሐይቅና የእርጎ ስላይዶች በአንድ እጅ በረኪና ዘጠኝ እጅ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፉ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ። በረኪናን ከአልኮል ጋር አትቀላቅሉ። የሐይቁን ውኃ የነካ ዕቃ ሁሉ እንዲሁ ይጽዳ። ሌንስ በሶፍት አይጠረግም፣ ይጫራል፤ ንጹሕ፣ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ በትንሽ አልኮል አርሳችሁ በቀስታ አብሱ። የ4 እጥፉን ሌንስ ወደ ታች መልሱ፣ የማይክሮስኮፑን ጠረጴዛ ዝቅ አድርጉ፣ በፕላስቲክ ሸፍኑት። ቁም ሳጥኑን መቆለፍ ካለባችሁም ቁልፉ የት እንዳለ ከአንድ ሰው በላይ ይወቅ።